ሜሪላንድ ለምትመርጡ፦ ስለ ምርጫ ጣቢያው ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ በምርጫ ቀን እሠራለሁ። እዚህ «ኢሌክሽን ጀጅ» ይሉናል፣ የማንፈርድ ዳኞች። ስለ ጣቢያው ሥራ ጠይቁ። ማንን ልምረጥ ለሚለኝ መልስ የለኝም። ከሁሉ በፊት ግን፦ ዜግነት ያላገኛችሁ አትመዝገቡ።

ሰብለ፦ ጋሼ፣ እናቴ ዜጋ ናት፤ ግን እንግሊዝኛ አታነብም። አብሬያት መግባት እችላለሁ?

መልስ፦ ግቢ እንጂ! ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። የመራጮች መብት ሕግ ክፍል 208 የሚባል አለ። ማየት ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል ወይም የአካል ጉዳት ያለበት መራጭ፣ ራሱ የመረጠው ሰው ይረዳዋል ይላል። ክልክል የሆኑት አሠሪ፣ የአሠሪ ወኪል እና የሠራተኛ ማኅበሩ ሹም ወይም ወኪል ናቸው። ሜሪላንድ ደግሞ የምርጫ ወረቀቱ ላይ ስሙ ያለ ዕጩን ጨምራለች። አንቺ ልጇ ነሽ፣ ቅጽ ፈርመሽ ትገቢያለሽ። ሰው ከሌላት እኛ እንረዳታለን፤ ያኔም ከሁለት የተለያዩ ፓርቲዎች የሆንን ሁለት ሠራተኞች አብረን ነው የምንቆመው። ይህን ሳያውቁ ስንት እናቶች ቤት ይቀራሉ!

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። አንብቢላት፣ የምትለውን ክብ አጥቁሪላት። አትምረጪላት። ሳይጠይቅ ማጥቆር የጀመረ ልጅ አስቁሜ አውቃለሁ። እናትየው «ተወው፣ እሱ ነው የሚያውቀው» አሉኝ። የተመዘገቡት ግን እሳቸው ናቸው። ልጁ አኩርፎም ቢሆን እንደገና ከላይ ጀምሮ አነበበላቸው።

የሺ፦ ወረቀቱ በአማርኛ የለም?

መልስ፦ እኛ ካውንቲ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው። የፌዴራሉ የቋንቋ ግዴታ ስፓኒሽን፣ የእስያ ቋንቋዎችንና የአሜሪካንና የአላስካን ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች እንጂ የእኛን አይነካም። ዋሽንግተን ዲሲ ግን በፈረንጆቹ 2004 ያወጣችው የራሷ ሕግ አላት፤ አማርኛም እዚያ ይስተናገዳል። ለዚህ ነው ረዳት ይዛችሁ ግቡ የምለው።

አቤል፦ በስልኬ ብተረጉመውስ?

መልስ፦ ጣቢያው ውስጥ ስልክ አይነካም። የምርጫ ወረቀቱን ናሙና ቤትህ አንብብ፣ ምልክት አድርግበትና ወረቀቱን ይዘህ ና።

ሚኪ፦ ፕራይመሪ ላይ የትምህርት ቦርድ ብቻ ያለበት ወረቀት ሰጡኝ። ተሸወድኩ?

መልስ፦ አልተሸወድክም። ያለ ፓርቲ ነው የተመዘገብከው። እዚህ ፕራይመሪ፣ ማለትም ፓርቲዎች ዕጩዎቻቸውን የሚለዩበት ቅድመ ምርጫ፣ ለፓርቲ አባላት ነው። በኖቬምበሩ ምርጫ ሙሉው ይሰጥሃል።

ዳኒ፦ በግሪን ካርድስ መምረጥ ይቻላል?

መልስ፦ መጀመሪያ የጻፍኩትን አላነበብክም? አይቻልም።

ፍጹም፦ ጓደኛዬ ታኮማ ፓርክ በግሪን ካርድ መርጧል!

ሄለን፦ ዲሲም ይፈቀዳል እኮ።

ፍጹም፦ አየህ፣ ጋሼ?

መልስ፦ አየሁ። ታኮማ ፓርክ ለከተማዋ አስተዳደር ብቻ ነው። ዲሲም ለአካባቢ ምርጫ ብቻ። ፕሬዚዳንትና ኮንግረስ የለበትም። በፈረንጆቹ 1996 የወጣው ሕግ ዜጋ ያልሆነ ሰው በፌዴራል ምርጫ ድምፅ ከሰጠ ያስቀጣል፣ ከአገርም ሊያስባርር ይችላል። የዜግነት ማመልከቻው ራሱ «ተመዝግበህ ታውቃለህ? መርጠህ ታውቃለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ደግሞ መንጃ ፈቃድ ስታወጡ ስለ መራጭነት ምዝገባ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ጥያቄውን ሳይሰሙ እሺ፣ እሺ የሚሉ አሉ። አትበሉ! ብላችሁም ከሆነ ቶሎ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አናግሩ። እዚህ እኔን አትጠይቁኝ።

ጋሽ ከበደ፦ በእኛ አቆጣጠር በ2013 አገር ቤት ስመርጥ ጣቴን ቀለም ቀቡኝ። እዚህ ቀለም የለ፣ መታወቂያ የለ። ሁለት ጊዜ ቢመርጥስ?

ሄለን፦ ኮምፒውተር ላይ ይመዘገባል፣ ጋሽ ከበደ።

ፍጹም፦ ቀለሙ ይሻላል። ኮምፒውተር ማን ያምናል?

ጋሽ ከበደ፦ ቀለሙንም በበረኪና ያስለቅቁታል ይባላል።

ሄለን፦ ታዲያ ምን ይሻላል?

መልስ፦ ስለ ቀለም ሌላ ቀን ተከራከሩ። እዚህ ስምህ መዝገብ ላይ ይፈለጋል፣ መምጣትህም ይያዛል። ጥርጣሬ ካለ ፕሮቪዥናል የሚባል ወረቀት ይሰጥሃል፤ የሚቆጠረው ተጣርቶ ነው።

ቤቲ፦ ከሥራ የምወጣው አምሽቼ ነው። እደርስ ይሆን?

መልስ፦ በሐበሻ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ክፍት ነን። 2 ሰዓት ላይ ሰልፍ ውስጥ ካለሽ ትመርጫለሽ። አትውጪ።

ናቲ፦ እኔም ጀጅ መሆን እፈልጋለሁ።

መልስ፦ እሰይ! በሜሪላንድ በመራጭነት የተመዘገብክ፣ 16 ዓመት የሞላህና እንግሊዝኛ የምትናገር፣ የምታነብና የምትጽፍ ከሆንክ ለካውንቲው የምርጫ ቦርድ አመልክት። ሥልጠና አለው፣ ክፍያም አለው። አማርኛ የሚችል ሰው በጣም ያስፈልገናል።

ዳዊት፦ ምን ይዘን እንምጣ?

መልስ፦ ለምኑ? ለመመዝገብ ነው ለመምረጥ? ጥያቄህን አስተካክል።

ዳዊት፦ ይቅርታ፣ ጋሼ። ለመምረጥ። ግን መመዝገቤን እርግጠኛ አይደለሁም።

መልስ፦ ተመዝግበህ ከሆነ ብዙውን ጊዜ መታወቂያ አትጠየቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ግን ያዝ። ካልተመዘገብክ አድራሻህን የሚያሳይ ማስረጃ አምጣና በዚያው ቀን ተመዝገብ። ዜጋ ነህ አይደል?

ዳዊት፦ ነኝ።

መልስ፦ በል ና።