ከጭቃ ጋር በገጠር ለመኖር ለምታስቡ ወጣቶች

የሸክላ ቅርፃ ቅርፅን ሙያ አድርጋችሁ በገጠር ለመኖር የምታስቡ ወጣቶች ስትጠይቁኝ፣ ጥያቄያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጸጥታው ነው። ጸጥታው መልካም ነው፤ እኔ ግን ለቀራፂ ከሁሉ የሚበልጠው የገጠር ስጦታ የጭቃውን መድረቅ ከቀን ወደ ቀን በቅርብ ለመከታተል የሚያስችለው ሰፊ ጊዜና ቦታ ነው እላለሁ። ሙያችን በአብዛኛው እርጥበትን መጠበቅ ነውና።

ተቆፍሮ የመጣው አፈር በውሃ ተዘፍዝፎ፣ በወንፊት ተጣርቶ፣ ሥሩና ጠጠሩ ከወጣለት በኋላ ውሃው እስኪመጥ ይቀመጣል። በተለይ የኖራ ድንጋይ ፍንጣሪ እንዳያልፋችሁ አደራ እላችኋለሁ። በእሳት ተቃጥሎ ወደ ኖራ ይለወጥና ቅርፁ ከምድጃ ከወጣ በኋላ ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ያብጣል፤ ተጠናቀቀ ያላችሁትን ፊት ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ገምሶ ይጥለዋል። ለትላልቅ ሥራዎች የተፈጨ ገል ቀላቅሉበት፤ ገሉ አስቀድሞ የተቃጠለ በመሆኑ እንደ ጥሬው ጭቃ አይኮማተርም፣ በውስጥ ያለው እርጥበትም የሚወጣበትን መንገድ ያገኛል።

ጠዋት ከማንኛውም ሥራ በፊት የሸፈናችሁትን ቅርፅ ገልጣችሁ በእጃችሁ ዳስሱት። ጣትና ጆሮ ከደረት ቀድመው ይደርቃሉ፤ ቀድሞ የደረቀው ቀድሞ ስለሚኮማተር ገና እርጥብ ከሆነው አካል ጋር በሚገናኝበት ቦታ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቀጫጭኑን ክፍል በላስቲክ ጠቅልላችሁ ወፍራሙን ገለጥ አድርጉት፤ ነፋስ በአንድ ወገን ብቻ የሚመታውንም ቅርፅ ቦታውን ቀይሩለት። አዲስ ክፍል የምትቀጥሉትም ሁለቱ አካላት እኩል እርጥበት ሲኖራቸው፣ መገናኛቸውን ጫር ጫር አድርጋችሁና በቀጭን ጭቃ ቀብታችሁ ይሁን። የደረቀ ስንጥቅ በጭቃ ቢደፈን እሳት ውስጥ መልሶ መከፈቱ አይቀርም ማለት ይቻላል፤ ጊዜያችሁን በዚያ አታባክኑ።

ብዙዎች ቅርፅን በምድጃ ውስጥ የሚያፈነዳው የታመቀ አየር ነው ብለው ያምናሉ። አየር ብቻውን አያፈነዳም፤ በወፍራም ግድግዳ ውስጥ የቀረ ውሃ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲያጣ ግን ያፈነዳል። ቅርፃችሁን ከውስጥ ፈልፍላችሁ ግድግዳውን ተመጣጣኝ አድርጉት፤ ባዶ ለሆነውም ክፍል ሁሉ ቀዳዳ ተዉለት። እሳቱን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በጣም ዝቅ አድርጉ። በ573 ዲግሪ አካባቢ ደግሞ በሸክላው ውስጥ ያለው ኳርትዝ የተባለ ማዕድን ሲሞቅ በድንገት ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝም በዚያው ሙቀት መልሶ ይኮማተራል፤ ስለዚህ ምድጃውን ሳይቀዘቅዝ መክፈት የሳምንታት ድካምን በአንድ ጊዜ ያጠፋል። በእንጨት የምታቃጥሉ ከሆነ እንጨቱ አስቀድሞ በደንብ የደረቀ ይሁን፤ ደረቅ ሣር በከበበው ቦታ ነፋስ ባለበት ቀን ምድጃ አትለኩሱ።

ስለ አቧራ የምናገረውን ግን እንደ ተራ ማሳሰቢያ እንዳትሰሙት እለምናችኋለሁ። በደረቅ ሸክላ አቧራ ውስጥ ያለው ሲሊካ የተባለ ደቃቅ የማዕድን ብናኝ ለዓመታት ሲተነፈስ ሲሊኮሲስ የሚባለውን የሳንባ በሽታ ያመጣል፤ ጠባሳውን የሚያድን መድኃኒት የለም። የሥራ ክፍላችሁን በደረቁ አትጥረጉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉት፤ ደረቅ ሸክላ በምትሞርዱበት ጊዜ ተራ ጨርቅ ሳይሆን ለደቃቅ አቧራ የተሠራ ጭንብል አድርጉ። የሥራ ልብሳችሁም ልጆች በሚተኙበት ክፍል አይሰቀል።

ብቸኝነቱ ይከብዳል፤ ከሁሉ የሚጎዳው ደግሞ ሥራችሁን በወቅቱ የሚነቅፍላችሁ ዓይን ማጣታችሁ ነው። ቅርፁ ገና እርጥብ ሳለ ከየአቅጣጫው ፎቶግራፍ አንስታችሁ ለምታምኑት ባለሙያ ላኩ፤ ሩቅ ካልሆነም ጋብዛችሁ አሳዩት። ከደረቀ በኋላ የሚመጣ አስተያየት፣ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ ሊጠቅማችሁ የሚችለው ለሚቀጥለው ሥራ ብቻ ነው።