ሎተሷ ወደ ላይ ወጣች፣ ከታች ያለው ሁሉ አለቀ

ከአዲስ አበባ የጻፈልኝ አንባቢ 60 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም፣ ማለትም የመስታወት የዓሣ ገንዳ አለው። ከሦስት ወር በፊት ቀይ ታይገር ሎተስ የምትባል የውሃ ተክል ገዝቶ ተከለ። መጀመሪያ ቀያይ ቅጠሎቿ ከታች አምረው ወጡ። ቆይቶ ግን ረጃጅም ዘንጎች ወደ ላይ ተመዘዙ፤ ቅጠሎቹም ውሃው ላይ ተዘርግተው ገንዳውን ሸፈኑት። ከታች ያሉት ቢጫ እየሆኑ ይበሰብሳሉ፤ ጠጠሩ ላይ የተከለው አጫጭር ሣርም ደረቀ። ሻጩ «ብርሃን አንሷት ነው» ብሎ ትልቅ መብራት ሸጠለት፤ ለውጥ የለም። ወዳጁ ደግሞ ዩሪያ እንዲጨምር መከረው፤ ጨመረ፤ ሁለት ዓሦች ሞቱ። «ነቅዬ ልጣላት ወይ?» ሲል ይጠይቃል።

ወንድሜ፣ አትጣላት። ተክልህ አልታመመችም። ደብዳቤህን አንብቤ ሳልጨርስ የጠረጠርኩት አንድ ነገር ነው፦ ተንሳፋፊ ቅጠሎቿን አንዴም አልቆረጥክም። ፎቶውን ሳየው ደግሞ ሁለተኛ ችግር አገኘሁ። ድቡልቡሏ ሥር ቅጠል ከሚወጣበት አንገቷ ጭምር ጠጠር ውስጥ ተቀብራለች፤ በዚያ ላይ በላስቲክ ከድንጋይ ጋር ታስራለች። ይህን ያደረገው የሸጠልህ ሰው ከሆነ በጣም ያሳዝናል። ላስቲክ ሥሩ በወፈረ ቁጥር ያንቀዋል፤ የታነቀበት ቦታ ላይ ብስባሽ ይጀምራል።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ልንገርህ። እጅህን ውሃ ውስጥ ከመክተትህ በፊት ሁሉንም ከሶኬት ንቀል፤ ሂተሩን (የውሃ ማሞቂያውን)፣ ፊልተሩን (የውሃ ማጣሪያውን)፣ መብራቱን። ማብሪያ ማጥፊያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ሂተሩን ከነቀልክ በኋላ ደግሞ ውሃ ከመቀነስህ በፊት ሩብ ሰዓት ጠብቅ። የጋለ ሂተር ከውሃ ሲወጣ መስታወቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። የተሰነጠቀ ሂተር መልሰህ ብትሰካው 220 ቮልቱ በቀጥታ ውሃው ውስጥ ነው።

አሁን ለምን እንደምትቆርጥ ላስረዳህ፤ ይህ ካልገባህ መቀሱን ለማንሳት ትሳሳለህ። ይህች ተክል ሁለት ዓይነት ቅጠል አላት። ውሃ ውስጥ የሚቀረው ስስና ለስላሳ ነው፣ ጠርዙ ይሸበሸባል። የሚያስፈልገውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውሃው ነው የሚስበው። ጋዝ ደግሞ ውሃ ውስጥ የሚሰራጨው አየር ውስጥ ከሚሰራጭበት በ10,000 እጥፍ ያህል ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ የውስጥ ቅጠል ዘወትር ከፊል ረሃብ ላይ ነው። ተንሳፋፊው ግን ሌላ ነው። ወፈር ይላል፤ ፊቱ ላይ ውሃ ብታንጠባጥብበት ተንከባሎ ይወርዳል። የአብዛኞቹ የምድር ተክሎች መተንፈሻ ቀዳዳ በቅጠሉ ሆድ በኩል ይበዛል፤ የዚህ ግን ከላይ ነው፣ አየሩን በቀጥታ እንዲያገኝ። አንዱን ዘንግ ቆርጠህ ጫፉን ብርሃን ላይ ተመልከተው። ውስጡ ቱቦ ቱቦ ነው። ውሃ ውስጥ ይዘህ በጣትህ ጫን ብትለው ከነዚያ ቀዳዳዎች ጥቃቅን አረፋዎች ተሰልፈው ይወጣሉ። ከላይ የገባው አየር በእነዚህ ቱቦዎች ወርዶ አየር በሌለው ጭቃ ውስጥ የተቀመጠውን ሥር ያስተነፍሳል። ጣና ዳር በታንኳ የሄደ ሰው የዚህችን ተክል ዘመዶች አይቷል፤ ቅጠላቸው ሁሉ ውሃው ላይ ነው። እንግዲህ ብርሃን በሽ፣ አየር በሽ የሚገኝበትን ቦታ አንዴ የደረሰች ተክል ለታችኛው ቅጠል ምን ብላ ትደክማለች? ጉልበቷን ወደ ላይ ታዞራለች፣ የታችኛውን ትተወዋለች። ከሥሯ ያለው ሣርህ ደግሞ ጥላ ውስጥ ቀርቶ ይሞታል። ትልቁ መብራት ያልረዳህም ለዚህ ነው። ብርሃኑን የምትወስደው ራሷ ናት፤ የተረፈውን ደግሞ አልጌ፣ ያ ገንዳ ውስጥ የሚበቅለው አረንጓዴ ዝቃጭ፣ ይበላዋል።

ስለዚህ ቁረጥ። ጫፉን ሳይሆን ዘንጉን ተከትለህ እስከ ታች ውረድና ከሥሩ አጠገብ ቁረጠው። ግማሹን ትተህ ብትቆርጥ የቀረው ዘንግ እዚያው በስብሶ ውሃህን ያበላሻል። ሁሉንም በአንድ ቀን አትጨርስ፤ ዛሬ ሲሶውን፣ በሳምንቱ ሌላውን ሲሶ። ከዚያ በኋላ ወደ ላይ ማቅናት የጀመረ ዘንግ ባየህ ቁጥር ገና ሳይደርስ ቁረጠው። እየቆየች አጠር ያሉ የውስጥ ቅጠሎች ማውጣት ትጀምራለች። አበባ ማየት ከፈለክ ግን ሁለት ሦስት ተንሳፋፊ ቅጠል መተው አለብህ፤ ያኔ ጥላውን ትችላለህ ማለት ነው።

የቆረጥከውን ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ አትጣል፤ ቆሻሻ ላይ ጣለው። እንቦጭ ጣናን ምን እንዳደረገው የምናውቅ ሰዎች ነን።

ቀጥሎ ሥሯ። ጠጠሩን በጣትህ ገለል አድርግና ላስቲኩን በጥንቃቄ ቆርጠህ አውጣው። ድቡልቡሏን ሥር ጫን በልና እይ። ጠንካራ ከሆነች ጤነኛ ናት። ከላሸቀችና ከሸተተች አውጥተህ ጣላት፤ አትድንም። ጤነኛዋን መልሰህ ስታስቀምጥ ቅጠል የሚወጣበት አንገቷ ሙሉ በሙሉ ከጠጠሩ በላይ ይሁን። ሥሮቿ ራሳቸው ወርደው ይይዛሉ። ከሰፋችብህ ደግሞ ከእሷ አንድ ስንዝር ርቀህ ጠጠሩን ዙሪያውን በቢላ ብትቆርጠው ሥሯ ያጥርና እድገቷ ይገታል።

ስለ ዩሪያው አዝኛለሁ። ዩሪያ የእርሻ ማዳበሪያ ነው። ውሃ ውስጥ ወደ አሞኒያ ይለወጣል፤ ዓሦችህን የገደለው እሱ ነው ብዬ እገምታለሁ። ሌላው የእርሻ ማዳበሪያ ዳፕም እንዲሁ ገንዳ ውስጥ አይገባም። ዛሬውኑ የውሃውን ሲሶ ቀይር፤ ነገም ድገመው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው በሰፊ ባልዲ ክፍት አድርገህ አሳድረው ወይም የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ጨምርበት። ሎተስ ምግቧን በዋናነት የምትስበው በሥሯ ነው። ለአኳሪየም ተብሎ የተሠራ የሥር ማዳበሪያ ክኒን ገዝተህ ከእሷ አምስት ሴንቲሜትር ያህል ርቀህ ጠጠሩ ውስጥ ቅበር። በሁለት ሦስት ወር አንዴ ይበቃታል።

መብራቱን አትቀይር፤ በቀን ለስምንት ሰዓት ያህል ብቻ ይብራ። ሙቀቱ ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ይሁን። የአዲስ አበባ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ሂተር የግድ ነው፤ ለአንተ ገንዳ ከ50 እስከ 75 ዋት ይበቃል። ፎቶህ ላይ የሚታየው ሂተር ግን አላማረኝም። ክዳኑ ላይ ያለው ጎማ ተላቋል። እነዚህ ርካሽ ሂተሮች በየሳምንቱ እጄ ይገባሉ። ጎማቸው ይላላል፣ ውሃ ይገባባቸዋል፤ ወይም ማጥፊያቸው ተጣብቆ ሌሊቱን ሙሉ ያፈላሉ። ጥቂት ብር ለማትረፍ ብሎ ዓሳውንም ራሱንም አደጋ ላይ የሚጥል ሰው ያናድደኛል። ቀይረው።

መብራቱን የገጠመልህ ሰውም ሽቦውን በፕላስተር ብቻ ጠቅልሎ ከውሃው በላይ አንጠልጥሎታል። ይህ ሥራ አይባልም። መጋጠሚያው ከገንዳው ርቆ በሳጥን ውስጥ ይሁን። ገመዱ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ታጥፎ ይውረድ፤ በገመዱ የወረደ ውሃ እጥፋቱ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት አይገባም። ዲቫይደሩን መሬት ላይ አትተወው። ከቻልክ 30 ሚሊአምፔር አርሲዲ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ወዲያው የሚያቋርጥ መሣሪያ፣ በኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስገጥም። መብራት ጠፍቶ ከሆነም አትዘናጋ፤ እጅህ ውሃ ውስጥ እያለ ሊመጣ ይችላል። ንቀል።

ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ከታች አዲስ ቀይ ቅጠል ካላየህ ሥሯን እንደገና ጫን በል። ጠንካራ ሆና ቅጠሏን ሁሉ ብትጥል እንኳ አርፋ ነው፤ ባለችበት ተዋት፣ ታቆጠቁጣለች። ሣሩን መልሰህ ለመትከል ግን ውሃው ላይ ያለው ጥላ እስኪገፈፍ ጠብቅ።