መልስ፦ ነጋዴው ዋጋ ካልነገረን ያለፈውን ወር መድገም ይቻላል ወይ?

የዋጋ ንረትን ለመለካት በየወሩ ለሚደረገው የዋጋ ጥናት ወጥተው «ነጋዴው እምቢ ሲለኝ ያለፈውን ወር ዋጋ ብሞላስ?» ላሉት፦ በፍጹም እንዳይሞሉ። የተደገመ ቁጥር «ዋጋው አልተለወጠም» ብሎ ስለሚመሰክር የዋጋ ንረቱን ወደ ዜሮ ይጎትተዋል።

በሂሳብ ይዩት። ባለፈው ወር አንድ ኪሎ ጤፍ በሦስት ሱቆች 120፣ 125 እና 130 ብር ነበር እንበል። በዚህ ወር ሁለቱ 132 እና 137.50 አሉ፤ ሦስተኛው እምቢ አለ። ሁለቱም 10 በመቶ ስለጨመሩ ለሦስተኛው 143 ብር ይገመትለታል። 130ን ከደገሙት ግን የሦስቱ ጂኦሜትሪክ አማካይ (የሦስቱ ዋጋ ብዜት ሦስተኛ ሥር) ጭማሪ 6.6 በመቶ ገደማ ብቻ ይሆናል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም!

ስለዚህ ቦታውን ባዶ ይተዉና ምክንያቱን ይመዝግቡ፤ ግምቱን ጥናቱን የሚመራው ቢሮ ይሥራው። «ዕቃው አልቋል» እና «አልናገርም» አይደባለቁ። ዕቃ ያለቀበት ሱቅ ምላሽ ሰጥቷል፤ የምላሽ ምጣኔውን (ከተጠየቁት ምን ያህሉ እንደመለሱ) የሚያወርደው እምቢ ያለው ነው። ሱቁ ጭራሽ ከተዘጋ ተተኪ ቶሎ ይፈለግ። ግምት በግምት ላይ ለወራት ሲደራረብ ቁጥሩ ከገበያው ጋር መተዋወቁ ያበቃል።

እምቢታው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የግብር ፍራቻ ነው (አይፈረድባቸውም)። ገና ሰላም እንዳሉ መታወቂያና ደብዳቤ ያሳዩ። ስለ ሽያጭ መጠን ወይም ስለ ደረሰኝ አያንሱ፤ የሚፈልጉት የዕቃውን ዋጋ ብቻ ነው። ገዢ በተሰለፈበት ሰዓት አይሂዱ፤ ባለሱቁ ካልተገኘም ቀን ቀይረው ይመለሱ። በየወሩ ያው ሰው ቢመላለስ ይመረጣል።