ኤል አናትሱይ፣ የጠርሙስ ክዳንና የመዳብ ሽቦ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጋናዊው ቀራፂ አናትሱይ ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ ሥራዎቹን የሚሠራው በቢራ ቆርኪ ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም። ቆርኪ ብረት ነው፤ ይዝጋል። እሱ የሚጠቀመው የአልኮል ጠርሙስ ላይ የሚጠመዘዘውን የአሉሚኒየም ክዳንና አንገቱ ላይ የሚቀረውን ቀለበት ነው። በመቀስ ይቆረጣል፣ በጣት ይታጠፋል።

ጥያቄ፦ የሕይወት ታሪኩስ?

መልስ፦ በ1944 እ.ኤ.አ. ጋና ተወለደ፤ በ1975 ናይጄሪያ፣ ንሱካ ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምር ሄዶ ለአሥርተ ዓመታት እዚያው ኖረ። እዚያ መጀመሪያ ሸክላ፣ ቀጥሎ በሞተር መጋዝ የተቀረጸ እንጨት፤ ክዳኑ የመጣው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። በ2015 ከጣሊያኑ ታላቅ የሥነ ጥበብ ትርኢት፣ ከቬኒስ ቢኤናሌ፣ የዕድሜ ልክ ወርቃማ አንበሳ ተሸለመ።

አንድ አባል፦ አናትሱይን ስደተኛ አርቲስት ስትሉት እሰማለሁ፤ ለሥራ ጎረቤት አገር የሄደ ሰው ስደተኛ ይባላል እንዴ?

ሌላ አባል፦ ጋናና ናይጄሪያ ድንበር እንኳ አይጋሩም! አገሩን ለቆ ዕድሜውን በሰው አገር የሠራ ስደተኛ ካልተባለ ማን ሊባል ነው? የኛው ኤልያስ ስሜ ግን አዲስ አበባ ሆኖ በኤሌክትሪክ ሽቦ ተአምር ይሠራል።

መልስ፦ ኤልያስ ሽቦውን ጎንጉኖ እንጨት ላይ ያሳርፋል፤ ሌላ ስልት ነው። ወደ ጉዳያችን።

ጥያቄ፦ ክዳኑ እንዴት ነው የሚያያዘው?

መልስ፦ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። መሞከር ለምትፈልጉ፦ ክዳኑን እጠቡ፣ የውስጡን ላስቲክ አውጡ። ጎኑን በቆርቆሮ መቀስ ሰንጥቃችሁ ዘርጉትና በጎማ መዶሻ አስተኙት፤ የብረት መዶሻ ቀለሙን ይልጠዋል። እንጨት ላይ አድርጋችሁ ማዕዘኖቹን በወስፌ ብሱ፤ ቀዳዳው ከጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ይራቅ፣ አለዚያ ይቀደዳል። 0.5 ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ አሳልፋችሁ ሁለት ሦስቴ ጠምዝዙ። ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ያጠብቃል። መዳብ በተጠመዘዘ ቁጥር ይደርቅና ይሰበራል። ቋጠሮው ካልላላ ደግሞ ሥራው ግትር ቆርቆሮ ይሆናል። የአናትሱይ ሥራ እንደ ጋቢ የሚተኛው በዚህ ልል ቋጠሮ ነው። ረዳቶቹ ትንንሽ ቁራጭ ይሰፋሉ፤ እሱ መሬት ላይ ዘርግቶ ቦታ እያቀያየረ ያያል፣ ከዚያ ይገጣጠማል። ታጥፎ በሳጥን ይጓዛል፤ እጥፋቱን የሚሰቅሉት ሰዎች ስለሚወስኑ አንዱ ሥራ በየቦታው መልኩ ይለያያል።

ጥያቄ፦ ሽቦው አስቀድሞ የደረቀ ቢሆንስ?

መልስ፦ ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን አግላችሁ ውኃ ውስጥ ንከሩት። ይለሰልሳል።

ጥያቄ፦ ቆርኪውን ቀለም ብንቀባው አይሆንም?

መልስ፦ ቆርኪ አይሆንም አልኩ። ስትበሱት ቀለሙ ይላጣል፣ ዝገቱም ከቀዳዳው ይጀምራል።

ጥያቄ፦ የአናትሱይ ሥራዎች ዋጋቸው ስንት ነው?

መልስ፦ ጨረታ ቤቶችን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ስለ አሰቃቀል ምክር?

መልስ፦ ስፋቱ ስንት ነው? ግድግዳው ብሎኬት ነው ጂፕሰም? ውስጥ ነው ውጭ? ይህን ሳትነግሩኝ ምን ልበል?

ጥያቄ፦ 2 በ3 ሜትር፣ ብሎኬት፣ በረንዳ ላይ።

መልስ፦ በረንዳ ከሆነ መዳቡን ተዉት። እርጥበት ሲያገኘው መዳብ አሉሚኒየሙን ያስበላዋል፤ በቀዳዳው ዙሪያ ነጭ ዱቄት ካያችሁ ተጀምሯል። በአሉሚኒየም ሽቦ ስፉ። የላይኛውን ጠርዝ ብቻ አትስቀሉ፤ ክብደቱ ሁሉ አንድ ረድፍ ላይ ወድቆ ቀዳዳዎቹን ይቀድዳል። በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ፊሸር አስገቡ፣ መሀል ላይም በርከት ያለ መያዣ ጨምሩ።