ብረት ሥራ ለጀመራችሁ ልጆቼ፦ መጋዝ ስትገዙ

ባሕር ዳር ውስጥ በርና መስኮት መሥራት የጀመራችሁ ልጆች፣ “ግራይንደር እያለ የእጅ መጋዝ ምን ያደርጋል?” ስትሉ እሰማለሁ። ግራይንደር በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር መቁረጫ ስለሆነ፣ መብራት ሲጠፋ መልሱን ታገኙታላችሁ። ጣና ዳር የቆመ የሞተር ጀልባ ላይ፣ ነዳጅ አጠገብ የዛገ ብሎን ቁረጡ ብትባሉም ብልጭታ የሚረጭ ግራይንደር አይታሰብም።

ስትገዙ ቀለሙ አያታላችሁ። ፍሬሙን እዩ። እዚያው ሱቁ ውስጥ ምላጭ አስገቡበትና ማጥበቂያውን በደንብ አጥብቁ። አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመልከቱት። ምላጩ ከፍሬሙ ጋር ቀጥ ካላለ፣ ወይም ፍሬሙን ስትጠመዝዙት ከተንሻፈፈ፣ መልሱለት። ምላጩን በጣት ነካ ስታደርጉት እንደ ክራር ክር ጥርት ብሎ ከጮኸ በደንብ ተወጥሯል። የላላ ምላጭ ጠማማ ይቆርጣል፣ ይሰበራልም። የሚረዝም የሚያጥረው ፍሬም ይመቻል፤ እኔ ግን አንድ ወጥ የሆነውን እመርጣለሁ። ቀድሞ የሚላላው መገጣጠሚያው ነው።

ምላጩ አብዛኛውን ጊዜ 300 ሚሊ ሜትር ነው። ባይሜታል የሚባለውን ግዙ። ጥርሱ ሃይ ስፒድ ስቲል የሚባል ሙቀት የሚችል ጠንካራ ብረት ነው፣ ጀርባው ግን ይተጣጠፋል። ሙሉ በሙሉ ጠንካራ የሆነው ምላጭ ሞርሳ (ብረት ቆንጥጦ የሚይዝ ማሰሪያ) ላይ በደንብ ለታሰረ ብረት ሸጋ ነው፤ ጀማሪ እጅ ላይ ግን ቶሎ ቀጭ ይላል።

ዋናው ነገር ጥርሱ ነው። ለድፍን ብረት በኢንች 18፣ ለቧንቧና ለአንግል (የL ቅርጽ ላለው ብረት) 24፣ ለስስ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት ለሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) እና ላሜራ 32 ጥርስ ያለውን ያዙ። ቢያንስ 3 ጥርስ ብረቱ ላይ ማረፍ አለበት። ስስ ላሜራ ላይ ባለ 18 ጥርሱን ካሳረፋችሁ የላሜራው ጠርዝ በጥርሶቹ መሀል ይገባና ይነቅላቸዋል። ከዚያ “ምላጩ ፎርጅድ ነው” ብሎ ባለሱቁን መውቀስ ደግ አይደለም።

ጥርሱ ወደ ፊት ይዙር። ስትገፉ ተጫኑ፣ ስትመልሱ አቅልሉ። በደቂቃ 50 ምልልስ ገደማ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ መሮጥ ጥርሱን አግሎ ያደንዘዋል። ምላጭ መሀል ላይ ከተሰበረባችሁ አዲሱን በድሮው ስንጥቅ አታስገቡት። የአዲሱ ጥርስ ሰፋ ስለሚል ተነክሶ ይቀራል። ብረቱን አዙራችሁ ከሌላው ወገን ጀምሩ።

ክረምት ላይ የሐይቁ እርጥበት ብረት ይበላል። ማታ ስትጨርሱ ዘይት በነካ ጨርቅ ጠርጉት፣ ማጥበቂያውንም ትንሽ አላሉለት።