የአንባቢያን ጥያቄ፦ ክረምት ሲገባ ዒላማውን የሚስት ጠመንጃ

በዚህ እትም ከባሕር ዳርና ከጣና ዳርቻ የደረሱን ጥያቄዎች ዞረው ዞረው የሚያርፉት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ብረቱ እንጨቱ ላይ እንዴት እንደ ተቀመጠ። የምንመልሰው ፈቃድ ላለውና በእጅ እየተቀባበለ ለሚተኮስ የአደን ጠመንጃ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ጠመንጃዬ ለአደን የተስተካከለ የቆየ ቤልጅግ ሲሆን መነጽር አለው። ጥር ላይ በ100 ሜትር መሐሉን እንዲመታ አስተካክዬው፣ ሐምሌ ላይ ግማሽ ስንዝር ያህል ወደ ላይና ወደ ግራ ይስታል። ጥይቱም ያው፣ ተኳሹም ያው። መነጽሩ ይሆን የተበላሸው? (ከሐሙሲት)

መልስ፦ መነጽሩም ሊሆን ይችላል። ወቅት ጠብቆ የሚመጣ ስሕተት ግን በመጀመሪያ የሚያስጠረጥረው እንጨቱን ነው። እንጨት በክረምት እርጥበት ጠጥቶ ወደ ጎን ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይኮማተራል፤ በርዝመቱ ግን አይለወጥም ማለት ይቻላል። በርሜሉ የተጋደመበት ቦይ ጥር ላይ በርሜሉን ሳይነካ ቆይቶ፣ ሐምሌ ላይ በአንድ ጎኑ ይደገፈዋል። ከታችና ከቀኝ የሚገፋ እንጨት አብዛኛውን ጊዜ ጥይቱን ወደ ላይና ወደ ግራ ይልካል። እርስዎ የገለጹትም ይህንኑ ነው።

ምንም ነገር ከመክፈትዎ በፊት ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ፤ ጥይቱንም ሌላ ክፍል ያስቀምጡ። ከዚያ ቀጭን ወረቀት በአፈሙዙ በኩል በበርሜሉና በእንጨቱ መካከል ያስገቡና ወደ ኋላ ይጎትቱ። የሚይዝበት ቦታ ካለ እንጨቱ እዚያ ላይ ይነካል። ሙከራውን አንድ ጊዜ በበጋ፣ አንድ ጊዜ ነሐሴ ላይ ያድርጉት፤ የሁለቱ ልዩነት ብዙ ይነግርዎታል።

ሁለተኛው ሙከራ የበለጠ ይጠቅማል። ጠመንጃውን ሞርሳ ላይ በጨርቅ ጠቅልለው ያቁሙት። አንድ ጣትዎን የእንጨቱ ጫፍና በርሜሉ በሚጎራበቱበት ቦታ ሁለቱንም እንዲነካ አድርገው ያሳርፉና ብረቱን ከእንጨቱ ጋር ከሚያስሩት ሁለት ብሎኖች የፊተኛውን ይፍቱ፣ መልሰው ያጥብቁ። በርሜሉ ከጣትዎ ሥር ብድግ ቁጭ ሲል ከተሰማዎት፣ ብሎኑ በጠበቀ ቁጥር ብረቱን እያጎበጠው ነው ማለት ነው። ባለ ሰዓት መለኪያ (ጥቃቅን እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳይ) ካገኙ፣ ከ0.05 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ እንቅስቃሴ መቀመጫው፣ ማለትም ብረቱ እንጨቱ ላይ የሚያርፍበት ቦታ፣ መሠራት እንዳለበት ምልክት ነው።

የመነጽሩን ማሰሪያ ብሎኖችና የአፈሙዙን ጠርዝም ሳያዩ አይለፉ። ጠርዙ ላይ የተቆረሰ ወይም የተላጠ ነገር ካለ፣ መቀመጫ ቢሠራም ያ ጠመንጃ አይታረምም።

ጥያቄ፦ መቀመጫውን በኢፖክሲ መሙላት ቤት ውስጥም ይቻላል ይባላል። ቅደም ተከተሉን ብትጽፉልን። ሞርሳ፣ መሮና ካቻቢቴ አለኝ። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ይቻላል። ግን አስቀድመው ወሩን ይምረጡ። ክረምት ላይ ባበጠ እንጨት ላይ የተሠራ መቀመጫ፣ በጋ ሲገባ እንጨቱ ከኢፖክሲው ስለሚሸሽ አይረጋም። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ጠመንጃው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሁለት ሳምንት ያህል ደረቅ ክፍል ውስጥ፣ ከጣሪያ ቆርቆሮ ሙቀትና ከምድጃ ርቆ ይቆይ። የኢፖክሲውን ሥራም ሌሊቱ በማይበርድበት ክፍል ይሥሩት፤ ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ ኢፖክሲ በጣም ይዘገያል።

የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው፦ የብረት ዱቄት የተቀላቀለበትና ቀስ ብሎ የሚደርቅ ባለ ሁለት ቱቦ ኢፖክሲ (ለፊተኛውና ለኋለኛው መቀመጫ 50 ግራም ይበቃል)፣ ቀለም የሌለው የጫማ ሰም፣ የማር ሰም፣ ናስትሮ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ አልኮል፣ ጓንት፣ የአፍንጫ መሸፈኛና የጆሮ ጥጥ። ቁጥር የተቀረጸበትን የብረት ክፍል አይፋቁ፣ አይሞርዱም።

ብረቱን ከእንጨቱ ያውጡ። ከጠመንጃው ገላ (በርሜሉ ከኋላ ከተያያዘበት፣ ጥይት ከሚቀባበልበት ብረት) ሥር፣ ከፊት በኩል ወደ ታች የወጣ አራት ማዕዘን ጥርስ ያያሉ። ጠመንጃው ሲራገጥ ኃይሉን ለእንጨቱ የሚያስተላልፈው ይህ ጥርስ ስለሆነ፣ ከሥራው ሁሉ ዋናው እሱ ያለበት ቦታ ነው። እንጨቱ ላይ ጥርሱ የሚገባበትን ጉድጓድና ከሱ በስተኋላ ያለውን መቀመጫ በመሮ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ያህል ይጥረቡ። ሁሉንም ግን አያንሱ፤ ጎንና ጎን ላይ ጥፍር የሚያህል የቀድሞ እንጨት ይቅር። ብረቱ ቁመቱን የሚጠብቀው በነዚህ ነው። እነሱ ከሌሉ ብረቱ ከልክ በላይ ይሰምጥና ካዝናው አይገጥምም። ከኋለኛው ብሎን ዙሪያም እንዲሁ 2 ሚሊ ይጥረቡ። የተጠረበውን ቦታ አያለስልሱት፤ በሻካራነቱ ይተዉት፤ በቀጭን መሰርሰሪያ ጥቂት ጥልቀት የሌላቸው ቀዳዳዎችም ይብሱበት፤ ኢፖክሲው የሚይዘው እዚያ ነው።

አሁን ጥርሱን ይልበጡ። በፊቱ፣ በሁለቱ ጎኖቹና በታቹ አንድ አንድ ድርብ ናስትሮ ይለጥፉ፤ የኋላ ፊቱ ግን ባዶ ይሁን። ናስትሮው ሲነሳ የሚቀረው ክፍተት ጥርሱ በኋላ ፊቱ ብቻ እንዲደገፍ ያደርጋል። ጥርሱ ከታች ወለል ነክቶ ከቆመ፣ ብሎን በጠበቀ ቁጥር ብረቱ እንደ ሚዛን ይወዛወዛል። በርሜሉንም ከእንጨቱ ጫፍ አጠገብ፣ ከቦዩ መሐል እስኪቆም ድረስ በናስትሮ ይጠቅልሉት።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ትዕግሥት ይፈልጋል። ማንኛውም ኢፖክሲ ሊገባበት የሚችል ቀዳዳ፣ የብሎን ቤት፣ የምላጭ ክፍተትና የካዝናው አፍ በማር ሰም ይደፈን። ሰሙ በእጅ ሙቀት ይለዝባል፤ ትርፉን በካርድ ጠርዝ እኩል ያድርጉት። ከዚያ የብረቱን ገላ፣ ከታችም ከጎንም ከላይም፣ የብሎኖቹን ጥርስ ጭምር፣ በጫማ ሰም ይቀቡ፣ ይደርቅ፣ ይወልውሉ፤ ይህን 3 ጊዜ ይድገሙት። ማዕዘኖቹ ውስጥ በጆሮ ጥጥ ይድረሱ። አንዲት ያልተቀባች ቦታ ብረቱንና እንጨቱን ለዘላለም ልታጋባቸው ትችላለች።

የእንጨቱን መቀመጫ በአልኮል ያጽዱ፣ ይደርቅ። ከሁለቱ ቱቦ እኩል ይጭመቁ፣ በጠፍጣፋ እንጨት ቀስ ብለው 3 ደቂቃ ያቀላቅሉ፤ ፈጥነው ከመቱት አየር ይገባበታል። መጀመሪያ የጥርሱን ጉድጓድ ከታች ወደ ላይ ይሙሉ፣ ከዚያ መቀመጫውን። ብረቱን አፈሙዙን ትንሽ ከፍ አድርገው ጥርሱን በማስቀደም ያሳርፉና ኢፖክሲው በጠርዙ ሁሉ እስኪወጣ በእጅዎ ይጫኑት። ሁለቱን ብሎኖች በጣት ብቻ ያስገቧቸው፤ እንዲመሩ ነው እንጂ እንዲያጠብቁ አይደለም። ያጠበቁት እንደሆነ የጎበጠውን ብረት በጎበጠበት ይቀርጹታል፣ ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ብረቱን ለመያዝ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጠው ሁለት ዙር ይበቃል።

የፈሰሰውን ሳይደርቅ በአልኮል በራሰ የጆሮ ጥጥ ይጥረጉ። 24 ሰዓት አይንኩት። ከዚያ ብሎኖቹን ያውጡና በርሜሉን በጎማ መዶሻ ከታች ወደ ላይ በቀስታ ይምቱ፤ «ጧ» ብሎ ይላቀቃል። ናስትሮውንና ሰሙን ያንሱ፣ በጠርዝ የተረፈውን በመሮ ያስተካክሉ፤ የብሎን ቀዳዳዎቹን ብሎኑ ጎን ሳይነካ እንዲያልፍ ያስፉ።

መልሰው ሲገጥሙ የካዝናው ሣጥን ላይኛው ጠርዝና በብረቱ ሆድ መካከል የቢዝነስ ካርድ ውፍረት ያህል ክፍተት ይኑር። ሣጥኑ ከነካ ብሎኖቹ የሚጨምቁት እሱን እንጂ እንጨቱን አይደለም። ጥብቀቱ፣ በብሎን ቀዳዳው ውስጥ የብረት ቱቦ ለሌለው እንጨት 4 ኒውተን ሜትር አካባቢ፣ ቱቦ ላለው ከ5 እስከ 7 ነው። መለኪያ ቁልፍ ከሌለ አጭር ካቻቢቴ ይዘው በእጅ አንጓ ኃይል ብቻ ያጥብቁ።

ጥይት ከመግባቱ በፊት ደግሞ አንድ የማይዘለል ፈተና አለ። ባዶውን ያቀባብሉ፣ መጠበቂያውን ይዝጉና ይክፈቱ፣ ሰደፉን ላስቲክ በለበሰ ወለል ላይ ደጋግመው ጠንከር አድርገው ያሳርፉ። መርፌው ከወደቀ ኢፖክሲ ምላጩ ቤት ገብቶ ይሆናል። ሳይጸዳና ፈተናውን ሳያልፍ ጥይት እንዳይገባበት።

ጥያቄ፦ ገበያ ያገኘሁት ባለ 5 ደቂቃ ኢፖክሲ ነው። የመኪና ስቱኮስ አይሆንም? (ከዘጌ)

መልስ፦ ሁለቱም አይሆኑም። የ5 ደቂቃው ብረቱን አስቀምጠው ሳይጨርሱ ይጠነክራል። ስቱኮ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ እርግጫ ሲደጋገምበትም ይሰነጠቃል፤ የሚጠገነው ቆርቆሮ እንጂ የሚመታ ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ ከሁለት ቀን በኋላ ብረቱ ከእንጨቱ አልላቀቅ አለኝ። በመሮ ልፈልቅቀው? (ከጎርጎራ)

መልስ፦ በመሮ አይሁን! እንጨቱ ይሰነጠቃል። ብሎኖቹ መውጣታቸውንና ኢፖክሲ ወደ ጎን ቀዳዳ ገብቶ እንዳልቆለፈ ይመልከቱ። ከዚያ ውኃ እንዳይገባበት በላስቲክ ጠቅልለው ማቀዝቀዣ ውስጥ ለ6 ሰዓት ያህል ያስቀምጡት፤ የዓሣ ነጋዴዎች በረዶ ቤት ቦታ ካገኙ ደግሞ ጠመንጃው ሙሉውን ይገባል። ብረትና እንጨት በብርድ እኩል ስለማይኮማተሩ ሰሙ የያዘው ቦታ ይለቃል። አውጥተው ወዲያው በጎማ መዶሻ ይምቱት። ብርዱ ካልፈታው የመጨረሻው አማራጭ ሽቦ በቆርቆሮ የሚበየድበት፣ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ የብየዳ ብረት ነው፤ ብረቱን በቀስታ ያሞቁት፣ ኢፖክሲው ሲለሰልስ ይላቀቃል። በእሳት ነበልባል ግን አይሞከርም፤ የብረቱን ጥንካሬ ሊያበላሸው ይችላል። ከተላቀቀ በኋላ ያልተቀባውን ቦታ ይፈልጉት፤ ምክንያቱ በግልጽ ይታያል።

ጥያቄ፦ በተባለው መሠረት ሠርቼው ከበፊቱ የባሰ ሆነ። አምስት ጥይት ሦስቱ አንድ ቦታ፣ ሁለቱ ሌላ ቦታ ይመታሉ። (ከሐሙሲት)

መልስ፦ ለሁለት ተከፍሎ መምታት ብዙውን ጊዜ ብረቱ ሁለት ቦታ እያረፈ መሆኑን ያሳያል። የኋለኛው ብሎን ግድግዳውን ይነካ ይሆናል፤ ቀዳዳውን ያስፉ። ካልሆነ የካዝናው ሣጥን እየነካ ነው፣ ወይም ከጥርሱ ሥር ሰም ወይም የእንጨት ብናኝ ቀርቷል። ጥይቶቹ ወደ ላይ እየተሰለፉ የሚሄዱት በርሜሉ በሞቀ ቁጥር ከሆነ ግን ችግሩ ከፊት ነው፤ ቦዩ ጠቧል። የብርጭቆ ወረቀት ክብ እንጨት ላይ ጠቅልለው ያስፉት። በሌላ አገር ባለ ደረቅ አየር 0.5 ሚሊ ክፍተት ይበቃ ይሆናል፤ ለጣና ዳርቻ ከ1 ሚሊ በታች አንመክርም። ይህ ክፍተት መገኘት ያለበት፣ ያውም በነሐሴ ነው።

ሲፈትኑም በአንድ ቡድን አይፍረዱ። በተፈቀደ የመተኮሻ ቦታ፣ በ100 ሜትር፣ ከአሸዋ ከረጢት ላይ 3 ቡድን አምስት አምስት ይተኩሱ፤ በየመሐሉ በርሜሉ በእጅ እስኪያዝ ይቀዝቅዝ። የቆየ ቤልጅግ ከ10 ሳንቲ ሜትር ወደ 6 ቢወርድ ሥራው ተሳክቷል፤ ከዚያ በታች የሚጠብቅ ሰው በርሜሉንና ጥይቱን ይጠይቅ።

ጥያቄ፦ እንጨቱን የተልባ ዘይት ብቀባው እርጥበቱን ይከለክላል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ያሳምረዋል፣ የፈሰሰ ውኃም ለጊዜው ይመልሳል፤ በአየር ውስጥ ያለውን እርጥበት ግን ብዙ አይከላከልም። መቀመጫው ተሠርቶ የእንጨቱ ውስጥ ሳይቀባ የቀረ ጠመንጃ ሥራው ግማሽ ነው፤ እርጥበቱ የሚገባው ከቦዩ፣ ከካዝናው ቤትና ሰደፉ ከተቆረጠበት ጫፍ ነው። እነዚህን ሦስቱን በቀጭኑ በተበጠበጠ ፖሊዩሬቴን ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ ይቀቡ፤ የመጀመሪያው ንጣፍ እኩል በእኩል ከአኳራጅ ጋር ይሁን፣ እንዲጠጣው። ተልባውን ለውጭ ይተዉት። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨባብጦ ከተጣለ በራሱ ሞቆ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ዘርግተው ያድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ይንከሩት። በክረምትም ጠመንጃውን በጨርቅ ወይም በቆዳ ከረጢት ዘግተው አያኑሩ፤ ከረጢቱ እርጥበት ይዞ በሳምንት ዝገት ያመጣል።

ጥያቄ፦ አሮጌው እንጨት ተሰንጥቋል። በዋንዛ አዲስ ላሠራ? (ከዘጌ)

መልስ፦ ዋንዛ ለመሮ ይታዘዛል፣ መልኩም ያምራል፤ ነገር ግን ለስላሳ ነው፣ ብሎን ሲጠብቅበት ይጨመቃል። ስለዚህ ያለ ብረት ቱቦ አይሞክሩት። ቶርኖ ቤት ውጭው 13 ሚሊ፣ ውስጡ ከብሎኑ 1 ሚሊ የሚሰፋ ሁለት ቱቦ ያሠሩ፤ ርዝመታቸው ከጠባቂው ብረት እስከ ገላው ሆድ ድረስ ልክ ይሁን። የኋለኛው ቱቦ በቤልጅግ ላይ ከጥንቱም ስላለ ያንኑ መልሰው መጠቀም ይችላሉ። ቱቦዎቹ በኢፖክሲ ይጣበቁ፣ መቀመጫው ቀጥሎ ይሠራ። ጣውላው ከቆመ ዛፍ ትናንት የተቆረጠ ከሆነ ግን ቢያንስ አንድ ዓመት ጥላ ሥር፣ ጫፎቹ በቀለም ተደፍነው ይደርቅ።