መልስ፦ ሮቦት ያለበት፣ ግን የሰው ታሪክ የሆነ አኒሜ

ወንድሜ፣ «ግዙፍ ሮቦት ያለበት፣ ግን ከድብድቡ ይልቅ ሰዎቹ ላይ የሚያተኩር አኒሜ ፊልም ጠቁሙኝ» ብለሃል። እኔ ዓይኔን ሳላሽ «ፓትሌበር 2» እልሃለሁ። ጃፓናዊው ዳይሬክተር ማሞሩ ኦሺ እ.ኤ.አ. በ1993 የሠራው የጃፓን አኒሜሽን ነው።

ታሪኩ በ2002 ቶኪዮ ውስጥ ነው። «ሌበር» የሚባሉት ሮቦቶች በዋናነት የግንባታ ሥራ መሣሪያ ናቸው፤ ፖሊስም የራሱ አለው። መክፈቻው ግን ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። የሰላም አስከባሪ ሌበሮች ጥቃት ሲደርስባቸው ተኩስ ይከለከላሉ። ጓዶቹ ሲያልቁ የተረፈው አዛዥ ፁጌ፣ ከዓመታት በኋላ ቶኪዮን በጦርነት ፍርሃት ሊንጣት ይነሳል።

እኔን የያዘኝ ግን የናጉሞ ነገር ነው። የፖሊስ አዛዥ ናት፤ የድሮ ፍቅረኛዋ ደግሞ ይኸው ፁጌ። ባልደረባዋ ጎቶ ይህን ሁሉ ያውቃል፣ ለእሷም ልቡ ያዘነብላል፣ ግን ትንፍሽ አይልም። ዝም ብሎ ያጨሳል። የሰውዬው ፊት ብቻውን ፊልም ነው!

በረዶ ሲጥል ታንክና ወታደር መንገድ ላይ ቆሞ፣ ሕዝቡ ግን እንደወትሮው ወደ ሥራው የሚሄድበትን ክፍል ቀስ ብለህ እየው። የኬንጂ ካዋይ ሙዚቃም ሌላ ነገር ነው።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ ሮቦቶቹ እምብዛም አይታዩም። ወሬውም ይበዛል፤ ደክሞህ ማታ ከከፈትከው እንቅልፍ ይወስድሃል። የ1989ኙን የመጀመሪያ ፊልም ባታየውም ዋናው ታሪክ ይገባሃል። ጊዜ ካለህ ግን ከእሱ ጀምር፤ እሱ ቀለል ይላል፣ ሮቦትም አለው።